የታጠበ መዳብ

የመዳብ ሳንቲም አይታጠብም። ልጄ «አባ» ማለት በቻለች ማግስት ያስተማርኳት ሕግ ይህ ነው ብል ትንሽ ባጋንን ነው እንጂ ብዙም አልዋሸሁም። ሁለት መቶ ዓመት በእጅና በኪስ፣ በሣጥንና በአፈር ውስጥ የዞረ መዳብ የራሱን ቆዳ ያበጃል። አንዱ የተቆላ ቡና ይመስላል፤ አንዱ እንደ ተምር ይቀላል፤ አንዱ ከዳሩ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ያን ቆዳ ያጠበ ሰው ሳንቲሙን ገደለው። ክብደቱ ያው ነው፣ ጽሑፉም ያው ነው፤ ግን ሰብሳቢ የተባለ ሁሉ ካየው ፊቱን ያዞርበታል። እኔም ስንቱን አይቼ ፊቴን አዙሬአለሁ።

የምሰበስበው የሩስያን ነው። በነገሥታቱ ዘመን የተቀረጹትን፣ ትልልቆቹን፣ ጥቂቶቹ ኪስ ከገቡ ሱሪ የሚያስወልቁትን። በአንድ በኩል ባለ ሁለት ራሱ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ይቆማል፤ በሌላ በኩል በጊዜው የነገሠችው ንግሥት ስም የመጀመሪያ ፊደል ዘውድ ደፍቶ በቅጠል ጉንጉን ተከብቦ ይታያል። «ምን ያደርግልሃል?» የማይለኝ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው፣ «የእኛ ነገሥታት ብር እያለልህ? ያን ሁሉ መዘዝ ያመጡብንስ እነዚሁ ሩስያዎች አይደሉም?» ብለው በሰው ፊት ገሠጹኝ። «አባቴ፣ ይህች ሳንቲም ስትሠራ እርስዎ የሚሏቸው ሰዎች አያቶቻቸውም አልተወለዱ» ብዬ መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ይቀዝቀዝ።

ነገሩ የጀመረው በተማሪነቴ ነው። መንግሥት ለትምህርት ወደዚያ አገር ልኮኝ በአንዲት የወደብ ከተማ ውስጥ ስንቀጠቀጥ፣ አንድ እሑድ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ጨርቅ ዘርግቶ ዝገት የበላውን ቁልፍና ማንኪያ ሲሸጥ አየሁ። ከመካከሉ አንዲት ትልቅ የመዳብ ሳንቲም ነበረች። አንስቼ መዳፌ ላይ ሳስቀምጣት ሞቀችኝ። መዳብ የሚሞቀው የያዘውን ሰው ሙቀት ወስዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን በዚያ ብርድ የሞቀኝ ነገር እሷ ብቻ ነበረች። የምሳዬን ከፍዬ ገዛኋት። ከዚያ በኋላ ወደ አገሬ መመለስ የማይቻልበት ጊዜ መጣ፤ ስደተኛ ሆኜ ብዙ አገር ዞሬ እዚህ ቬጋስ ስገባ ከዚያ ሕይወት የተረፈችኝ እሷ ናት። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ አይቼውም አልናፈቀኝም፤ የወደድኩት ሳንቲሙን ብቻ ነው።

እዚህ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ሳከፋፍል ኖርኩ። ከሥራ ቀን የተረፈችኝን ጊዜ ለሳንቲሞቼና ለአንዲት ልጄ ነበር የምሰጣት። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ሲልቬራዶ ራንች የሚባል ሰፈር ባለችው ቤታችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ መደርደሪያዬን አወጣለሁ፤ ልጄ ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ስታድግም አልተወችውም። ነርስ ሆና፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው ጎዳና አጠገብ የራሷን አፓርታማ ተከራይታም፣ እሑድ ግን ትመጣ ነበር። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ «እርስዎ» የሚባል ነገር መኖሩንም እናቷ ለማስተማር ሞክራ ተስፋ ቆርጣለች። ሳንቲሙን ግን በጠርዙ መያዝ፣ ፊቱን በጣት አለመንካት፣ በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ ማየት፣ ይህን ሁሉ ከእኔ ተምራለች። አንዳንዴ ሳንቲሟን ይዛ ስለ ሥራ ሺፍቷ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለማያገባት ወንድ ታወራኛለች። እናቷ ስትጠይቃት «ምንም የለም» የምትለውን ሁሉ ለእኔ የምታወራው ዓይኗ መዳቡ ላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ያ ጠረጴዛ ለእኔ ምን እንደነበር ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ያ ዓለምን ያስዘጋ ወረርሽኝ ሲገባ ካዚኖው ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፣ ልጄ ግን ሥራዋ በዛ። በሽተኞቹ የተኙበት ክፍል ተመደበች። ያን ሳምንት ደውላ፣ «አባ፣ እኔ ቤት አልገባም። ስኳር አለብህ። ኖት ኢቭን ዘ ዶር፣ በሩም ጋ አልደርስም» አለችኝ። ለመከራከር ሞከርኩ። የራሴ ልጅ እንደ በሽተኛዋ ቆጥራኝ፣ ረጋ ባለ የነርስ ድምፅ ነው ያስቆመችኝ። ያ ድምፅ ከቁጣ የባሰ ነው።

እሑድ እሑድ ግን መምጣቷን አልተወችም። መኪናዋን ከመንገዱ ጥግ ታቆማለች፤ ማስክ አድርጋ የፖስታ ሳጥኑ ዘንድ ትቆማለች። እኛ የጋራዡን በር ከፍተን ከውስጥ እንቆማለን። ከዚያ እየተጯጯኽን እናወራለን። «በላሽ?» «በላሁ!» «ተኛሽ?» «ተኛሁ!» ጎረቤት እየሰማ ምን የልብ ወሬ ይወራል? ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት ውሸታቸውን ነው። እኔ በዚያች የመኪና መግቢያ ሲሚንቶ ማዶ ስትቆም የናፈቀችኝን ያህል ሌላ ከተማ ብትሆን አትናፍቀኝም ነበር።

ለፋሲካ ስጦታ ላከችልኝ። ለዓመታት ስመኛት የኖርኩትን የሳይቤሪያ ሳንቲም፤ ለዚያ ለሩቅ በረዷማ አገር ብቻ የተሠራችውን፣ ሁለት ባለ ረጅም ጅራት አውሬዎች ጋሻ ይዘው የቆሙባትን። ልጄ ገና ሕፃን ሆና ሥዕሏን መጽሐፍ ላይ ስታይ አውሬዎቹን «ድመቶች» ብላ ስለነበር ስሟ በቤታችን «የድመቶቹ ሳንቲም» ነው። ከአንድ ሻጭ ገዝታ በፖስታ አስላከችው። ፖስታውን የተቀበለችው ባለቤቴ ናት።

በዚያ ሰሞን ቤታችን የሚገባ ነገር ሁሉ ይታጠብ ነበር። ድንች በሳሙና፣ የወተት ዕቃ በኮምጣጤ። ባለቤቴ ደግሞ በእናቷ ቤት ለፋሲካ የቤቱ ናስና መዳብ ሁሉ በሎሚና በአመድ ታሽቶ ፊት ካላሳየ በዓል የገባ የማይመስላት ሴት ናት። ሁለቱ ልማዶች ተገናኙ። ፖስታውን ከፍታ ስታየው፣ ጥቁር፣ የማን እጅ እንደነካው የማይታወቅ መዳብ! አመድ አላገኘችም፤ በጨው ተካችው። ከእንቅልፌ ነቅቼ ወጥ ቤት ስገባ፣ ከታጠበ ቲማቲምና ቃሪያ መካከል፣ ፎጣ ላይ፣ የድመቶቹ ሳንቲም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ቀልታ ታበራለች።

«ገደልሻት!» ብዬ ጮኽኩ።

ባለቤቴ በደረቷ ላይ እጇን ጭና ክው አለች። «ማን? ማን ሞተ? ልጄን ምን ሰማህ?»

«ሳንቲሟን ነው!»

 ከዚያ ያለችኝን ሁሉ አልጽፈውም። «አንተ እንዳትሞትብኝ ባጥብ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ! መዳብ ታጠበ ተብሎ ለቅሶ!» የሚለው ግን የመጨረሻው ነበር። 

የፋሲካ ዕለት ቅዳሴውን በስልክ አዳመጥን፤ ቀትር ላይ ልጃችን መጣች። መኪናዋን እንዳቆመች፣ «አባ! ኮይኑ ደረሰ? ሾው ሚ!» አለች። ባለቤቴ በጎን አየችኝ። ልዋሽ አስቤ ነበር፤ አልደረሰም ልላት። ግን ዓይኗ ከማስኩ በላይ እንዴት ደክሞ እንደነበር ሳይ ከጋራዡ ጥላ ወጣ ብዬ ሳንቲሟን አነሳኋት። የዚህ ከተማ ፀሐይ ለማንም አታዝንም፤ መዳቡን አገኘችውና ብርሃኑ ሲሚንቶውን ተሻግሮ ልጄ ፊት ላይ ወደቀ።

«አየሁት! አባ፣ አየሁት! ድመቶቼን!»

ድመቶቹን እንዳላየች አውቃለሁ፤ ከዚያ ርቀት አሞራም አያያቸውም። ያየችው ብልጭታውን ብቻ ነው። ግን ዘለለች። ትልቅ ሴት፣ በነርስ ልብሷ፣ የፖስታ ሳጥኑን ይዛ ዘለለች። ባለቤቴ ፊት ላይ «አየህ!» የሚል ነገር አየሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ደስ ይላታል ብዬ ካሉኝ ሁሉ ቆንጆዋን፣ የተምር ቀለም ያላትን ይዤ ወጣሁ። ከፍ አደረግኳት። ልጄ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን አስግጋ አየች።

«አባ፣ አይታየኝም። ብላክ ነው፤ እንደ ኮት በተን።»

«ፎቶ አንስቼ ልላክልሽ?»

«ኖ! ፕሊስ፣ ስልክ አልፈልግም። ሙሉ ቀን እኮ ስልክ ይዤ ነው የምቆመው። ሰው ሲሞት ፋሚሊው መግባት አይችልም፤ እኔ ነኝ ስልኩን ፊቱ ላይ የምይዝለት። ባይ ይሉታል። ባይ ዳድ ይሉታል። ከዚያ ቤት ሄጄ ስልክ ላይ አንተን ማየት… አልችልም። ሪል የሆነ ነገር ነው ማየት የምፈልገው።»

ይህን ሁሉ እየጮኸች ነው የነገረችን፤ በቀስታ ብትናገር አይሰማማ። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሄደች።

ቤት ገብቼ ያቺን ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየኋት። ቆንጆ ነበረች። እንዲህ ያለ ቆዳ ያላት ሌላ አላጋጠመኝም። ከዚያ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና «ሎሚ አለ?» አልኩ።

«ለምን?» አለች ባለቤቴ።

«ዝም ብለሽ ጨው አቀብይኝ።»

ራሴ አጠብኳት። ሎሚው ሲነካት መጀመሪያ እንደ ማልቀስ አለች፤ ቡናማ ውሃ ከጣቴ መካከል ወረደ። ሁለት መቶ ዓመት በዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ሲወርድ አየሁ። አሳመመኝ፤ አልዋሽም፣ ጥርሴን ነክሼ ነው የጨረስኩት። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ሳንቲሟን በፎጣ አደረቅኳት። በሚመጣው እሑድ ሳወጣት ልጄ ከማዶ ሳቀች። «ዋው! ይቺኛዋ ያቺ አይደለችም እንዴ? ምን አድርገሃት ነው?»

«በዘይት ጠረግኳት!» አልኳት። ዘይት ይፈቀዳል፤ ሰብሳቢዎች ያደርጉታል፤ እሷም ታውቃለች። አመነችኝ። ወይም ለመጠራጠር አቅም አልነበራትም።

እንዲህ እየሆነ ቀጠለ። እሑድ ሲደርስ አንድ መርጬ አጥባለሁ። ስለዚያች ሳንቲም የማውቀውን እየጮኽኩ እነግራታለሁ፤ እሷ ብልጭታውን እያየች ትሰማለች፣ አንዳንዴም እንደ ድሮው ስለ ራሷ ታወራለች። ፀሐዩ አስፋልት በሚያቀልጥበት ወር ጃንጥላ ይዛ መጣች። ካዚኖው ሲከፈት ተጠራሁ፤ በስኳሬ ምክንያት ቀረሁ። ሥራ የለኝ፣ የማየው ሰው የለኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ የማስበው ቀጥሎ የትኛዋን ላጥብ የሚለውን ነበር። ትልልቆቹ ሲያልቁ ትንንሾቹን ጀመርኩ፤ እነሱ ብዙ አያበሩም፣ ሆኖም ታዩ። ባለቤቴም በቁም ነገር መጨነቅ ጀመረች። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን እኮ። አንተ ደግሞ ያለህን ሁሉ ትጨርሳለህ» አለችኝ።

«ላሟን አይቻለሁ። ይበቃኛል» አልኳት። አልበቃኝም ነበር። ዓይን ከማየት አይጠግብም። ቀርባ እንድትቀመጥ፣ እስትንፋሷ እንዲሰማኝ፣ ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ ጥላ እንድትሄድና እንድቆጣት ፈለግኩ።

የብርዱ ወራት ገብቶ በሽታው ሲብስ እሑድን መዝለል ጀመረች። ከዚያም አንድ ቀን ደወለች። «አባ፣ ያዘኝ። ደህና ነኝ። እንዳትመጡ።»

ሄድን እንጂ! ሾርባ ይዘን ሄደን በሯ ላይ አስቀምጠን ወረድን። ከቤታችን ከመነሳታችን በፊት መደርደሪያዬን ከፍቼ አይቼ ነበር፤ ያልታጠበች አንዲት ብቻ ቀርታ ነበር። ከዚያ ገበያ፣ ከሽማግሌው ጨርቅ ላይ የገዛኋት። እሷን አላጥብም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ባለቤቴ ሾርባውን ስትሸፍን እኔ ሎሚ ቆረጥኩ። አይታኝ «እሷን ተዋት፤ ሌላ ያዝ» አለችኝ፤ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር መዳብ አይታጠብ ስትል። እኔ ግን ልጄ ታማ የምትመለከተው ነገር ከሁሉ የበለጠው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ይህ ምክንያት ይሁን ምኞት እስካሁን አላውቅም።

አመሻሽ ነበር፤ ሰማዩ ደምኗል። ልጄ በረንዳዋ ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ወጣች። ከፓርኪንጉ ሆኜ ሳንቲሟን አነሳሁ፤ ደመናው ስር ምንም አላበራችም። ልጄ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ለመጮኽ ትንፋሽ አልነበራትም፤ ሳሏ ብቻ እታች ድረስ ይሰማል። ሳንቲሟን እያዟዟርኩ ቆምኩ።  ዕድሜዬን ሙሉ ካርድ ያከፋፈልኩበት እጅ አንዲት ሳንቲም ማብራት አቃተው።

በዚያን ጊዜ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ ገባችና ሞተሩን አስነስታ ትልቁን መብራት አበራች። መብራቱ ከጎኔ መጣ፤ ዞሬ መካከሉ ገባሁና ሳንቲሟን ወደ በረንዳው አዘነበልኳት። ብልጭታው በሕንፃው ግድግዳ ላይ ዘለለ፤ አንድ መስኮት፣ ሌላ መስኮት፣ ከዚያ የልጄ ብርድ ልብስ። ልጄ ከብርድ ልብሱ እጇን አውጥታ አውለበለበች። ሰዎች በመስኮት እያዩን እንደነበር ኋላ ነው ያስተዋልኩት። ያበደ ሽማግሌ ብለው ከሆነ አልፈርድባቸውም።

ዳነች። ቀስ ብላ፣ ግን ዳነች። ክትባቱ ሲመጣ መጀመሪያ እሷ፣ ኋላ እኛ ተወጋን። ዳግመኛ ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ፣ መኪናዋን ከመንገዱ ጥግ ሳይሆን ጋራዡ በር ድረስ አመጣችው። ደጃፉ ላይ ግን ቆመች፤ እግሯ መግባትን ረስቶ ነበር። እናቷ ጎትታ አስገባቻትና አቅፋት ቀረች። ልጄ እጇን ረጅም ጊዜ ታጠበች፤ ምሳ በላች፣ ትንሽ ብቻ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠችና «አባ፣ አምጣቸው» አለች።

አምጣቸው ስትለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። መደርደሪያውን አምጥቼ ጨርቁን ገለጥኩ። ሁሉም ተደርድረው፣ ሁሉም ቀልተው፣ ሐዘን የተቀመጡ ሰዎች የተላጨ ራስ ይመስላሉ። የተቆላ ቡና የሚመስል የለ፣ ተምር የሚመስል የለ። ልጄ አንዷን በጠርዟ ይዛ ወደ መስኮቱ አዘነበለቻት። ሁለተኛዋን አነሳች። ሦስተኛዋን አላነሳችም።

«አባ፣ ይሄ ዘይት አይደለም።»

«አይደለም።»

«ኦል ኦፍ ዘም? ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ሄዶ ሄዶ ከተማሪነቴ ሳንቲም ላይ ቆመ። «ግን ለምን? አንተ እኮ…»

የማላግጥበት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ተውኩት።

«ሩቅ ነበርሽ» አልኳት።

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው ቆመ፤ እናቷ ትሰማናለች። ልጄ ተነሳች፤ ወንበሯን ከማዶ አንስታ፣ ጠረጴዛውን ዞራ፣ ከጎኔ አስጠግታ ተቀመጠች።